የፋይል ማያያዣ (በዊኪ ገጾች)

የፋይል ማያያዣ በኢንተርኔት ላይ ወዳለ ድረ ገጽ ሳይሆን በኮምፒውተር ዲስክ ወይም በውስጥ ኔትወርክ ላይ በሚገኝ የጋራ ፎልደር ወደተቀመጠ ፋይል የሚያመለክት ሊንክ ነው። አድራሻው «ፋይል» በሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ይጀምራል፤ ሁለት ነጥብና ሦስት እዝባር (:///) ይከተሉታል። ከዚያ የዲስኩ፣ የፎልደሩና የፋይሉ ስም በቅደም ተከተል ይጻፋል። እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው የድር አድራሻዎች ደንብ ውስጥ የተካተተ ሲሆን፣ በ2017 የራሱ ደንብ ወጥቶለታል።

አብዛኞቹ ብራውዘሮች እንዲህ ያለውን ሊንክ ከዊኪ ገጽ ላይ ሲጫኑት አይከፍቱትም። በገጹ ላይ የስህተት መልእክት ስለማይታይ ሊንኩ የተበላሸ ይመስላል። ይኸው አድራሻ ተቀድቶ በአድራሻ ሳጥን ላይ ሲለጠፍ ግን ይሠራል።

የሚታገድበት ምክንያት

ከሰርቨር የመጣ ገጽ የአንባቢውን ዲስክ እንዲነካ መፍቀድ አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ወደ ተወሰነ የመሣሪያ ስም የሚያመለክት የፋይል አድራሻ ዊንዶውስ 95ንና 98ን ያቆም እንደነበር ታውቋል። በኔትወርክ ላይ ወዳለ ፎልደር የሚወስድ ሊንክ ደግሞ የተጠቃሚውን የይለፍ ቃል አሻራ ለማያውቀው ሰርቨር ሊያሳልፍ ይችላል። ሚዲያዊኪ የተባለው የዊኪ ሶፍትዌርም አስተዳዳሪው በቅንብር ካልፈቀደ በቀር ይህን አድራሻ ወደ ሊንክ አይለውጠውም።

የአድራሻው ትርጉም

የፋይል አድራሻ የሚያመለክተው የጸሐፊውን ሳይሆን የአንባቢውን ኮምፒውተር ነው። ለምሳሌ መካኒሳ አቦ የሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት የውስጥ ዊኪ ቢኖረውና መምህሩ በራሱ ዲስክ ላይ ላለ የትምህርት ጽሑፍ ሊንክ ቢሠራ፣ ተማሪው ሲጫነው ፋይሉ የሚፈለገው በተማሪው ዲስክ ላይ ነው። ስለዚህ እገዳው ቢነሳ እንኳ አይገኝም።

የስም አጻጻፍም ችግር ይፈጥራል። በሚዲያዊኪ ሊንክ ውስጥ ክፍት ቦታ አድራሻውን ስለሚያቋርጠው በ%20 ይተካል። በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ በአድራሻ ኮድ ሲጻፍ 9 ምልክት ይሆናል። ስለዚህ «መካኒሳ አቦ» የተባለ ፎልደር ስም 57 ምልክት ይደርሳል።

መፍትሔዎች

ፋየርፎክስ አስተዳዳሪው ለመረጣቸው ድረ ገጾች ብቻ በቅንብር ሊፈቅድ ይችላል። ለክሮም ተጨማሪ ቅጥያ ያስፈልጋል። የማይክሮሶፍት ኤጅ ከ95ኛው እትም ጀምሮ ለውስጥ ኔትወርክ ገጾች የሚያገለግል ፈቃድ አለው። እነዚህ ቅንብሮች በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ መስተካከል አለባቸው።

ይበልጥ አስተማማኙ መንገድ ፋይሉን ወደ ዊኪው መጫን ወይም የጋራውን ፎልደር በውስጥ የድር ሰርቨር በኩል ማቅረብ ነው። ያን ጊዜ ሊንኩ ተራ የድር አድራሻ ስለሚሆን በየትኛውም ብራውዘር፣ በስልክም ጭምር ይከፈታል። ለዚህ የኢንተርኔት ግንኙነት አያስፈልግም። አማርኛ ውክፔዲያን ጨምሮ የውክፔዲያ ቅጂዎችን ያለ ኢንተርኔት የሚያስነብበው ኪዊክስም በሰርቨርነት ሲሠራ ገጾቹን የሚያድለው በዚሁ መንገድ ነው።