ግንበኛው ምን በላ?

ጎንደር ውስጥ ታሪክ ሳስተምር 22 ዓመት ሆነኝ። ተማሪዎቼን ይዤ ፋሲል ግቢ በገባሁ ቁጥር የምለው አንድ ነው፤ አጼ ፋሲል ከተማዋን በ1628 ዓ.ም. ቆረቆሩ፣ ልጃቸው ጻድቁ ዮሐንስና የልጅ ልጃቸው አድያም ሰገድ ኢያሱ በየተራ የየራሳቸውን ሕንፃ ጨመሩ። አምና አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣችና «መምህር፣ ይህን ሁሉ ድንጋይ የጠረቡት ሰዎች ምን በሉ? ማንስ ፈጨላቸው?» አለችኝ። የሚረባ መልስ አልሰጠኋትም። ነገሩ ሲከነክነኝ ከረመና ዘንድሮ ጥር ሲገባ ጎርጎራ አድሬ በማለዳ ከጣና ዳር ተነሣሁ፤ ጎንደርን አቋርጬ ማታ ወገራ፣ አክስቴ ቤት ልደርስ።

ጎርጎራ ከጎንደር በስተደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ጎንደር ሳትቆረቆር አጼ ሱስንዮስ መናገሻቸውን በዚህ ዳር አድርገው ነበር፤ ኢየሱሳውያን ካህናትም በኖራና በድንጋይ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን፣ ማርያም ግምብ፣ እዚሁ ነው። ካቶሊክነት በግድ ሲታወጅ የብዙ ሰው ደም ፈሰሰ፤ ሱስንዮስም በ1624 ዓ.ም. የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። ዛሬ ማርያም ግምብ አብዛኛው ፈርሷል። ከእሱ በፊት የተተከለችው የጎርጎራዋ ደብረ ሲና ማርያም ግን ሣሯ ሲያረጅ እየተከደነች እስከ ዛሬ ይቀደስባታል።

ረግረጉ ዳር አንድ የነገደ ወይጦ ሽማግሌ ታንኳ ሲያስሩ አገኘሁ። የደረቀውን ደንገል በነዶ በነዶ ደርድረው፣ በጉልበታቸው ተጭነው በልጥ ጥፍር ያደርጉታል። አፍንጫው ወደ ላይ ቀና ይላል።

«አባቴ፣ እንዲህ ያለው ስንት ጊዜ ያገለግላል?»

«ጥቂት ወር ነው ልጄ። ሲርስ አውጥተን እናሰጣዋለን። ሲበሰብስ ሌላ እናስራለን። አባቴም እንዲሁ ሲያስር ነው የኖረ።»

ወይጦዎች ጥንት ጉማሬ አዳኞች ነበሩ። ጉማሬ ይበላሉ ተብለው ጎረቤት ሲጸየፋቸው፣ ማዕድ ሲለይባቸው ኖሯል። ይህን ሳስብ አሁንም ያመኛል፤ ምክንያቱም እነዚሁ ሰዎች ናቸው የወፍጮ ድንጋይ ጠርበው፣ በታንኳ አሻግረው ለአገሬው ሲሸጡ የኖሩት። የተማሪዬ ጥያቄ ግማሹ እዚህ ተመለሰልኝ፤ የፈጨችው ሴት ከፊቷ ያለው ድንጋይ በደንገል ተሳፍሮ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ሽማግሌው ግን ደንገሉ ራቀን ይላሉ። ውሃው ሲሸሽ ረግረጉ ይታረሳል። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እምቦጭ ይህን የሰሜኑን ዳር ወሮታል። ደንገል ከሌለ ታንኳ የለም፤ ታንኳ ማሰርም አይተው ካልሆነ በወሬ የሚለመድ ሙያ አይደለም።

ከጎርጎራ በቆላ ድባ፣ በአዘዞ አድርጎ የሚያወጣው መንገድ የደምቢያን ሜዳ ይሰነጥቀዋል። ጥቁር አፈር ነው፤ ሽምብራው በቀረው እርጥበት ገና አረንጓዴ ነበር። ከላይ ወገራ፣ ከታች ደምቢያ፤ ጎንደር የተቆረቆረችው በሁለት ጎተራ መካከል መሆኑን መኪና ውስጥ ተቀምጬ ነው ልብ ያልኩት።

ከተማ ስደርስ ግቢውን ትቼ በእግሬ በሰፈሮቹ ዞርኩ። እጨጌ ቤት፣ አቡን ቤት፤ ሹመቱ ሄዶ ስሙ ቀርቷል። ጥፋተኛ ሸሽቶ እጨጌ ቤት ከገባ አይነካም ነበር። ቁልቁል አዲስ ዓለም አለ፤ በጻድቁ ዮሐንስ ዘመን፣ በ1660 ዓ.ም.፣ ሙስሊሞች ተለይተው ይቀመጡ ተብሎ ተወሰነ፣ ሰፈሩም የነጋዴ ሰፈር ሆነ። የቤተ እስራኤል ግንበኞች፣ አንጥረኞችና ሸክላ ሠሪዎችም የየራሳቸው ሰፈር ነበራቸው፤ የእነዚያ ግንበኞች ልጆች ዛሬ አብዛኞቹ እስራኤል አገር ናቸው። ከተማዋን በ1859 ዓ.ም. አጼ ቴዎድሮስ አቃጠሏት፣ በ1880 ዓ.ም. የሱዳን ደርቡሽ ደገመው። ቤት ነደደ፣ አብያተ ክርስቲያናት ተዘረፉ፤ ቅዳሜ ግን ገበያው አሁንም ይቆማል።

ወደ ቀኃ ወርጄ የፋሲልን መዋኛ አየሁት። ዓመቱን ሙሉ ደረቅ ነው። ጥምቀት ሲቃረብ ውሃውን ከቀኃ ወንዝ በቦይ ይመልሱበታል። ያን ቀን ወለሉን ገና መሸፈኑ ነበር፤ ሁለት ወጣቶች ቅጠል ከቦዩ አፍ እየለቀሙ ነው። ለስንት ዓመት እዚህ ቆሜ ስለ ግንቡ ሳወራ፣ በየዓመቱ ቦዩን ስለሚጠርገው ሰው አንድ ቃል አለመናገሬ ቆጨኝ።

አምባ ጊዮርጊስ አጠገብ አክስቴ ቤት ስደርስ ጀምበር ልትጠልቅ ነው። አገሩ ከ2,800 ሜትር በላይ ነውና ብርዱ አጥንት ይገባል። አውድማው ላይ በሬዎቹ ገብሱን ሲያበራዩ ውለው፣ የአክስቴ ልጅ በመንሽና በላይዳ ነፋስ እየጠበቀ ያመርታል። ምድጃው ዳር የገብስ ዳቦና ጠላ ቀረበልኝ።

«እቴቴ፣ የጎንደርን ግንብ የሠሩት ይህን በልተው ይሆን?»

«ታዲያ ምን ሊበሉ ኖሯል? በሶ ነዋ! ለመንገደኛ፣ ለሠራተኛ ከበሶ ሌላ ምን አለ?»

ከደብኝቱ በስተጀርባ ትንሽ ስልቻ አወጣችና ፈታችልኝ። ሰነፍ ቆሎ ነው፤ ገለባው ቶሎ የሚለቅ ገብስ። ከአዲሱ ምርት ፍሬ በፍሬ ለቅማ ከአሮጌው ጋር ታስተያያለች። እጄን ስሰድ መታ አደረገችኝ።

«ተው፣ የዘር ነው። በ77 ረሃብ ቆሎ እንኳ ጠፍቶ ልጅ ሲያለቅስ እናቴ ይህን ቋጥራ፣ ከራሷ ሥር አድርጋ ነው የተኛችበት። ክረምቱ ሲመጣ ዘራነው።»

ስለ ተማሪዬ ነገርኳት። ጥቂት አሰበችና አንድ እፍኝ ዘግና በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችልኝ፤ «ለጠየቀችው ልጅ ስጣት» አለች። «ብላ አላልኩህም፤ ትዝራው።»