ኦክስጅን፣ ኒኬልና ሙቀት፦ ከፍተኛ ሙቀት የሚችል የሴራሚክ ካፓሲተር አመራረት

በ1300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የተተኮሰ ሴራሚክ በ200 ዲግሪ ሲሠራ ለምን ይበላሻል? ለነዳጅ ጉድጓድ መቆፈሪያ መሣሪያዎችና ለሲሊኮን ካርባይድ የኃይል መቀየሪያዎች ካፓሲተር የሚያመርት ሁሉ ይህን ጥያቄ መመለስ አለበት። በእኔ እምነት መልሱ ከእቶኑ ሙቀት ይልቅ በእቶኑ ውስጥ ባለው ጋዝ ላይ ነው።

አመራረቱ ባጭሩ ይህን ይመስላል። የሴራሚክ ዱቄት፣ በአብዛኛው ባሪየም ታይታኔት፣ ከማሟሚያና ከማጣበቂያ ጋር ተለውሶ በፕላስቲክ ፊልም ላይ በስሱ ይነጠፋል፤ ኤሌክትሮዱ ይታተምበታል፤ ብዙ ንጣፎች ተደራርበው ከተጨመቁና ከተቆረጡ በኋላ ማጣበቂያው ቀስ ብሎ ተቃጥሎ ይወጣል፤ ከዚያ ይተኮሳል።

ቀድሞ ኤሌክትሮዱ ፓላዲየም ወይም የብርና የፓላዲየም ቅይጥ ስለነበር በተራ አየር ውስጥ መተኮስ ይቻል ነበር። በ2001 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የፓላዲየም ዋጋ በአውንስ ከ1,000 ዶላር ማለፉ አስቀድሞ የተጀመረውን ወደ ኒኬል የመሸጋገር ጉዞ አፋጠነው። ኒኬል ርካሽ ነው፤ የሚቀልጠውም በ1455 ዲግሪ ነው። አየር ሲያገኝ ግን ኦክሳይድ ስለሚሆን እቶኑ በናይትሮጅንና በጥቂት ሃይድሮጅን ይሞላል። ችግሩ የሚፀነሰው እዚህ ላይ ነው። ኦክስጅን ባነሰበት እቶን ውስጥ የባሪየም ታይታኔቱ ክሪስታል ራሱ ኦክስጅኑን ያጣል፤ በቦታው ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው ክፍተት ይቀራል። በክፍል ሙቀት ክፍተቶቹ ከቦታቸው አይነቃነቁም ማለት ይቻላል። በ200 ዲግሪ ግን ቮልቴጅ ሲያርፍባቸው ወደ ኔጋቲቩ ኤሌክትሮድ ይፈልሳሉ፣ እዚያም ይከማቻሉ፤ የኢንሱሌሽን ሬዚስታንሱ እየወረደ ካፓሲተሩ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። በእቶኑ ውስጥ ይህ ቮልቴጅ አልነበረም። 5 ማይክሮሜትር ውፍረት ባለው ንጣፍ ላይ 25 ቮልት ብቻ እንኳ በሜትር 5 ሚሊዮን ቮልት ያህል ጫና መሆኑን ልብ ይሏል።

መከላከያው ማንጋኒዝና ማግኒዥየም፣ እንዲሁም እንደ ዲስፕሮሲየምና ኢትሪየም ያሉ ንጥረ ነገሮችን በጥቂቱ መጨመር ነው። ከተተኮሰም በኋላ በ1000 ዲግሪ ገደማ ጥቂት ኦክስጅን ባለበት ጋዝ እንደገና ይሞቃል። የሙያው ጥበብ ያለው በዚህ እርምጃ ነው፤ ኦክስጅኑ ሲያንስ ክፍተቱ አይሞላም፣ ሲበዛ ኒኬሉ ይበላሻል።

ይህ ሁሉ ቢሳካም ባሪየም ታይታኔት ከ120 እስከ 130 ዲግሪ ባለው ገደማ ከፍተኛ አቅም (ካፓሲታንስ) የሚሰጠውን የፌሮኤሌክትሪክ ባሕርዩን ያጣል። በኢንዱስትሪው ኤክስ7አር የሚባለው ደረጃ እስከ 125፣ ኤክስ8አር ደግሞ እስከ 150 ዲግሪ የሚዘልቀው በዚህ ምክንያት ነው። ቢስመዝ ያላቸው ሴራሚኮች ከዚህ በላይ ጥሩ አቅም ያሳያሉ፤ ሆኖም ኒኬል በሚፈልገው እቶን ውስጥ የቢስመዝ ኦክሳይድ ወደ ብረትነት ይመለሳልና አብረው አይተኮሱም። ስለዚህ ለ200 ዲግሪ የምመርጠው ካልሲየም ዚርኮኔትን ነው። ዳይኤሌክትሪክ ኮንስታንቱ 30 ገደማ ብቻ በመሆኑ ካፓሲተሩ መጠኑ ይገዝፋል። በአንጻሩ ዚርኮኒየም ኦክስጅኑን እንደ ታይታኒየም በቀላሉ አይለቅም፤ የካፓሲተሩ አቅምም በአንድ ዲግሪ ለውጥ ከሚሊዮን 30 እጅ አይበልጥም።

ገዢዎች በአብዛኛው የሚመለከቱት ይህን የአቅም ለውጥ መስመር ነው። ይልቁንም በሥራ ሙቀቱና ቮልቴጁ ለረጅም ሰዓት የተለካ የኢንሱሌሽን ሬዚስታንስ ውጤት ከአምራቹ ሊጠይቁ ይገባል።