የተዋጣው ገንዘብ ለተጎዳው ምን ያህል ይደርሳል?



ደመወዝ በተቀበላችሁ ቁጥር በትሉሹ ላይ «ቢቱዋሕ ሌኡሚ» የሚል ተቀናሽ ታያላችሁ። ብዙዎቻችሁ ይህ ገንዘብ የት እንደሚገባ ትጠይቃላችሁ፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ግን መዋጮውን የሚከፍለው አሠሪው ነው። ይህን ገንዘብ ማን ይያዘው፣ ለአስተዳደርስ ምን ያህል ይውጣ የሚለው ክርክር ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በአገር ቤት የእድር ዳኛና ጸሐፊ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ደመወዝ ስለሚያገለግሉ፣ የተዋጣው ከሞላ ጎደል ለሐዘንተኛው ይደርሳል። አባላቱ በሚሊዮን ሲቆጠሩ ግን መዝገብ የሚይዝ፣ የሚመረምርና የሚከፍል ሠራተኛ ያስፈልጋል። የአስተዳደር ወጪ የሚባለው ይህ ነው።

በጀርመን አገር በ1884 በቢስማርክ ዘመን የወጣው የአደጋ መድን ሕግ አሠሪዎች በየሥራ ዘርፋቸው ማኅበር አቋቁመው መዋጮውን ራሳቸው እንዲከፍሉ አዘዘ። ትርፍ ፈላጊ ኩባንያዎች በመካከል አልገቡም።

እንግሊዝ ሌላ መንገድ መረጠች። የ1897ቱ ሕግ አሠሪው የተጎዳውን ሠራተኛ እንዲክስ ቢያስገድድም፣ መድኑን ለግል ኩባንያዎች ተወው። ኩባንያው ደግሞ ለወኪሎች ኮሚሽን፣ ለጠበቃና ለባለ አክሲዮኖች ትርፍ ማውጣት ነበረበት። ሠራተኛውም ካሳውን ለማግኘት ከኩባንያው ጋር ይከራከራል፤ ሲቸግረውም ጥቂት ገንዘብ በአንድ ጊዜ ተቀብሎ መብቱን ይተዋል። በ1923 ኩባንያዎቹ ከአረቦኑ ቢያንስ 60 በመቶው ለካሳ እንዲውል ከመንግሥት ጋር ተስማሙ። እንግዲህ የቀረው 40 በመቶ ለወጪና ለትርፍ ሊሄድ ይችል ነበር ማለት ነው።

በ1942 ዊልያም ቤቨሪጅ ባቀረበው ዘገባ የባሰ ነገር ታየ። ድሆች ሠራተኞች ለቀብር ብለው ቤት ለቤት ለሚዞሩ ወኪሎች ከሚከፍሉት ከእያንዳንዱ ፓውንድ፣ ማለትም ከ20 ሽልንግ፣ 7 ሽልንግ ከ6 ፔንስ የሚሆነው በአስተዳደር ወጪ ያልቅ ነበር። ከሲሶ በላይ ነው! በ1946 በወጣው ሕግ መሠረት የሥራ ጉዳት መድን ከ1948 ጀምሮ ወደ መንግሥት ተዛወረ።

እኛ ባለንበት አገርም በእንግሊዞች አስተዳደር ጊዜ በ1927 የወጣው የሠራተኞች ካሳ ድንጋጌ ኃላፊነቱን በአሠሪው ላይ ጥሎ ነበር። ክኔሴት በ1953 ያጸደቀው የብሔራዊ መድን ሕግ ግን ከኤፕሪል 1 ቀን 1954 ጀምሮ የሥራ ጉዳትን፣ የእርጅናንና የወሊድን መድን በአንድ የሕዝብ ተቋም ሥር አደረገ። አንድ ሰብሳቢ፣ አንድ መዝገብ፤ ወኪልም ኮሚሽንም የለም።

ይሁን እንጂ ወጪው ማነሱ ብቻውን በቂ አይደለም። ጸሐፊ ካነሰ ሰልፉ ይረዝማል፤ ቋንቋችሁን የሚያውቅ ከሌለም መብታችሁ በወረቀት ላይ ይቀራል። ስለዚህ በሥራ ላይ ከተጎዳችሁ በዚያኑ ዕለት ለአሠሪያችሁ አስታውቁ፣ ቁጥር 250 የተባለውን ቅጽ ጠይቃችሁ ወደ ኩፓት ሆሊም ይዛችሁ ሂዱ፣ የካሳ ጥያቄያችሁንም 12 ወር ሳይሞላ አቅርቡ። ገንዘቡ የተዋጣው ለተጎዳው ሰው ነው፤ ያልጠየቀ ግን አያገኝም።