«ገባር» እና «ቆቱ»፦ የሥራ ስም የማዕረግ መለያ የሆነበት መንገድ በሐረር

በአማርኛ የሰውን ዝቅተኛ ማዕረግ የሚያመለክቱ ቃላት ጥቂት አይደሉም። «ሎሌ»፣ «አሽከር»፣ «ጭሰኛ»፣ «ገባር» ከእነዚህ መካከል ይገኛሉ። ብዙ ጊዜ እነዚህ ቃላት ሲፈጠሩም ዝቅ ብለው የተፈጠሩ ይመስሉናል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ «ገባር» የሚለውን ቃልና በሐረር ዙሪያ ጎረቤቱ የሆነውን «ቆቱ»ን በመመርመር ሁለቱም መነሻቸው የሥራ ስም እንደነበር ማሳየት ነው። ቃላቱን ያወረዳቸው የፍቺያቸው ጉድለት ሳይሆን በተናጋሪውና በተሰያሚው መካከል የተፈጠረው ግንኙነት ነው።

በመጀመሪያ ሥሩን እንመልከት። በግእዝ «ገብረ» ማለት ሠራ፣ አደረገ ማለት ነው። «ግብር» ሥራ ነው፤ የሐዋርያት ሥራም በግእዝ «ግብረ ሐዋርያት» ይባላል። ከዚሁ ሥር የወጣው «ገብር» አገልጋይ ማለት ሲሆን፣ ገብረ ማርያምን፣ ገብረ ሥላሴን በመሳሰሉ ስሞች ውስጥ መገዛት ክብር ሆኖ ይገኛል። ወደ አማርኛ ስንመጣ ሥሩ ብዙ ቅርንጫፍ አውጥቷል። «ተግባር» ሥራ፣ «ገበሬ» አራሽ፣ «ግብር» ደግሞ በአንድ በኩል ለመንግሥት የሚከፈለው፣ በሌላ በኩል ንጉሡ ለሠራዊቱ የሚያበላው ድግስ ነው። «አስገበረ» የሚለው ግሥ አገር አቅንቶ ግብር እንዲከፍል ማድረግን ሲገልጽ፣ «ገባር» የዚያው ግሥ ሌላ ገጽታ ሆኖ ይቆማል።

በሰሜኑ የርስት አገር ገባር ማለት በዋነኛነት ርስት ያለውና ስለ ርስቱ ግብር የሚከፍል ሰው ነበር። ከጉልተኛው በታች መሆኑ፣ በመኳንንቱ ዘንድ መናቁም አይካድም። ሆኖም መሬቱ የራሱ ስለሆነ፣ ከልማድ ውጪ ሲጠየቅ «ይህ የለብኝም» የሚልበት መሠረት ነበረው። በ1958 ዓ.ም. በታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የጎጃም ባላገሮች በፊታውራሪ መሸሻ ላይ የሚነሡት ይህንን መሠረት ይዘው ነው።

ሐረር ላይ ግን ቃሉ ሌላ ሁኔታ ገጠመው። ከተማዋ ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. በግብፆች እጅ ቆይታ፣ እነርሱ ሲወጡ ለአሚር አብዱላሂ ተመለሰች። በ1879 ዓ.ም. የአሚሩ ጦር ጨለንቆ ላይ በንጉሥ ምኒልክ ተሸነፈ፤ ራስ መኰንንም አገሩን እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 1898 ዓ.ም. ገዙ። ለሰፈረው ወታደር ደመወዝ የሚሆን በቂ ገንዘብ ስላልነበረ፣ እንደ ሌላው የደቡብ አገር ሁሉ ገበሬው በየማዕረጉ ለወታደርና ለሹም ተመደበ። ገበሬው እህል ያገባል፣ የወታደሩን እርሻ ያርሳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ አጥር ያጥራል። እዚህ ላይ የሰዋስው ለውጥ ይታያል። በሰሜን «ገባር ነኝ» ይባል የነበረው፣ እዚህ «ገባር ተሰጠኝ» ወደሚል ተለወጠ። የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት የነበረው ተሳቢ ሆነ።

ሁለተኛው ቃል «ቆቱ» ነው። በኦሮምኛ «ቆቱ» መቆፈር፣ ማረስ ማለት ነው። በሐረር ዙሪያ የሚኖሩት ኦሮሞዎች ራሳቸውን የሚጠሩት አላ፣ ኖሌ፣ ጃርሶ፣ ባቢሌ ብለው ሲሆን፣ አራቱ በጋራ አፍራን ቀሎ ይባላሉ። «ቆቱ» ግን ሌሎች ያወጡላቸው ስም ነው። ከተሜው ሐረሪ ራሱን «ጌይ ኡሱእ»፣ የከተማ ሰው ይላል፤ ከጀጎል ግንብ ውጪ ያለው አራሽ ለእርሱ አራሽነቱ ብቻ ይታየዋል። በኋላ የመጣው አማርኛ ተናጋሪም ቃሉን ተቀብሎ የሕዝብ ስም፣ ቀጥሎም የንቀት ስም አደረገው፤ ተጠሪዎቹ የማይወዱትም ስለዚህ ነው። አነጻጽረን ብናይ «ነፍጠኛ» ከነፍጥ፣ «ቆቱ» ከእርሻ ወጥተዋል። ሁለቱም ሰውን በያዘው መሣሪያ የሚሰይሙ ናቸው፤ የትኛው ከላይ እንደሚቀመጥ የወሰነው ግን ቋንቋው ሳይሆን ጠመንጃው ነው።

በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ የጉልበት አገልግሎትንና ልዩ ልዩ መዋጮን በገንዘብ ግብር ተካ። ከእንግዲህ ለመንግሥት የሚገብረው ባለመሬቱ በመሆኑ፣ ቃሉ በጥንት ፍቺው ቢሄድ ኖሮ ገባር መባል የነበረበት እርሱ ነበር። ነገር ግን በተለመደው አነጋገር ባለመሬቱ በአብዛኛው ገባር አልተባለም። መሬቱ በባለማዕረጎች ስም ሲጸና የቀድሞው ገባር በብዙ ቦታ «ጭሰኛ»፣ ማለት በሰው መሬት ላይ ጎጆ ቀልሶ ጭስ የሚያጤስ ሆነ። ቃል ከሕግ ይልቅ የማዕረግን ፈለግ እንደሚከተል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎች ይዘውት የወጡት መፈክር «መሬት ለአራሹ» የሚል ነበር። ለገባሩ ወይም ለጭሰኛው አለማለቱ ልብ ሊባል ይገባል፤ የማዕረጉን ስም ትቶ የሥራውን ስም አንሥቷል። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ጭሰኝነትን ሲሽር፣ የ«ገባር» ወንድም የሆነው «ገበሬ» የማኅበር ስም ሆኖ ከፍ አለ። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ «አርሶ አደር» ተስፋፋ። ይህ ስያሜ በአሠራሩ ከኦሮምኛው «ቆቴ ቡላ» ጋር አንድ ነው፤ «ቆቴ» አርሶ፣ «ቡላ» አደር ነውና። ስለዚህ «ቆቱ» ለስድብ የዋለበት ሥር፣ በባለቤቶቹ አፍ የክብር መጠሪያ ሆኖ ይኖራል ማለት ነው።

ዛሬ ለመንግሥት የሚከፍለው ነጋዴ «ግብር ከፋይ» እንጂ ገባር አይባልም። «ገባር» ያለ ነቀፋ የሚነገረው በተለይ ለወንዝ ነው፤ ከሐረር አጠገብ የሚያልፈው ኤረር የዋቢ ሸበሌ ገባር ነው እንላለን።

ከዚህ ሁሉ ለሥነ ጽሑፍና ለታሪክ ተማሪ የሚተርፍ ነገር አለ። በጎጃም ሰነድ ላይ ያለውን ገባርና በሐረር ሰነድ ላይ ያለውን ገባር በአንድ ፍቺ የሚያነብ ሰው፣ በአንደኛው ባለርስቱን ያሳንሳል፤ በሁለተኛው የተወሰደውን መሬት ሳያይ ያልፋል። መዝገበ ቃላት የቃሉን ሥር ይነግረናል፤ ማን ማንን፣ በየት አገርና በስንት ዓመተ ምሕረት እንደጠራበት መጠየቅ ግን የአንባቢው ድርሻ ነው።