ክሬዲት አወር ስንት ሰዓት ነው?

ለሁለተኛ ዲግሪ የሚመዘገብ ሠራተኛ ቀድሞ የሚጠይቀው የአንዱን ክሬዲት ክፍያ ነው። አንዱ ክሬዲት ስንት ሰዓት እንደሚወስድ የሚጠይቀው ግን ጥቂት ነው። ክሬዲት አወር ግን ከስሙ እንደምንረዳው የጊዜ መለኪያ ነው።

ሥሩ አሜሪካ ነው። አንድሩ ካርኔጊ እ.ኤ.አ. በ1905 ለኮሌጅ መምህራን ጡረታ የሚሆን ገንዘብ ሲመድብ፣ የጡረታው ተካፋይ መሆን የፈለጉ ኮሌጆች የሚቀበሏቸውን ተማሪዎች የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሰዓት እንዲለኩ ተጠየቁ። ልኬቱ ውሎ አድሮ ወደ ኮሌጆቹም ገባ። የመምህራን ጡረታ የወለደው ደንብ ዛሬ የተማሪን ሌሊት ይቆጥራል!

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ክሬዲት በሳምንት አንድ ሰዓት ክፍል ውስጥ፣ ሁለት ሰዓት ያህል ደግሞ በግል ጥናት ይጠይቃል። ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ በ16 ሳምንት 48 ሰዓት ክፍል፣ 96 ሰዓት ንባብና አሳይመንት፣ በድምሩ 144 ሰዓት ይሆናል። በ2005 ዓ.ም. ገደማ ከሞጁል ትምህርት ጋር ወደ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የገባው የአውሮፓ መለኪያ፣ ኢሲቲኤስ፣ አንዱ በ27 ሰዓት ሲሰላ 5ቱ 135 ሰዓት ነው። ስሙ ቢለያይም ጭነቱ ያው ነው።

ይህን ስሌት ወደ ምዕራብ ደቡብ ወሎ እንውሰደው። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ከቱሉ አውሊያው ሌላ በመካነ ሰላምም ግቢ አለው። የፈለገው የማስተርስ ትምህርት በአቅራቢያው የሌለ የቦረና፣ የወግዲ ወይም የከለላ መምህር ወይም ዐቃቤ ሕግ ግን ደሴን ያስባል፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲ እዚያ ነውና። ይህ ሰው በአንድ ሴሚስተር 9 ክሬዲት ቢይዝ፣ ጭነቱ በሳምንት 27 ሰዓት ነው። 40 ሰዓት ያህል የመደበኛ ሥራው ሲታከልበት 67 ይሆናል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይከለክላል። አዋጁ የመንግሥት ሠራተኛን ባይመለከትም ለንጽጽር ይበቃል። በአቀስታ በኩል እስከ ደሴ ያለው መንገድ የሚበላው ጊዜ በየትኛውም ክሬዲት ውስጥ የለም።

ጣጣው የሚብሰው ኮርሱ ሲታጠፍ ነው። ያ 144 ሰዓት በ8 ሳምንት ሲያልቅ ሳምንቱ 18 ሰዓት ይጠይቃል፤ ሁለት ኮርስ ጎን ለጎን ከሄደ 36። መምህሩ 48ቱን የክፍል ሰዓት ቅዳሜና እሑድ ደራርቦ ሊጨርስ ይችላል። 96ቱን የንባብ ሰዓት ግን ማንም ደራርቦ አያነብም፤ ስለዚህ ተማሪው ሃንድአውት ይሸመድዳል። እንደ እኔ እምነት ይህ ስንፍና ተብሎ በተማሪው ላይ ሊላከክ አይገባም፤ የፕሮግራሙ ሒሳብ ነው እንዲያ እንዲያጠና ያስገደደው።

በብዙ ፕሮግራሞች የመመረቂያ ጽሑፍ 6 ክሬዲት ተብሎ ይመዘገባል። በዚሁ ስሌት 288 ሰዓት፣ ማለትም ሰባት የሥራ ሳምንት ያህል ነው። ከመካነ ሰላም ተነሥቶ ወደ ዓባይ ሸለቆ ቀበሌዎች እየወረደ መጠይቅ የሚያስሞላ ተማሪ፣ መረጃ መሰብሰቡን ብቻ በሰባት ሳምንት ከጨረሰ ዕድለኛ ነው።