ዘር ያዛወረው ገበያ

ከመሳለሚያ ተነስቶ በአዲስ ከተማ ውስጥ ለውስጥ ወደ ራጉኤል የሚሄድ ሰው መንገዶቹ ቀጥ ቀጥ ብለው፣ ሰፈሩም በካሬ በካሬ ተቆርጦ ያገኘዋል። የቀረው ነባሩ አዲስ አበባ በአብዛኛው በየራሶቹ ግቢና በየመኳንንቱ ሰፈር ዙሪያ እንደ ልቡ ያደገ ነው። አዲስ ከተማን በማስመሪያ ያሰመረው ግን የዘር ፖሊሲ ነው።

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር ከተማዋ ሲገባ ትልቁ ገበያ አራዳ ላይ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። አበሻው፣ ዐረቡ፣ ህንዱ፣ ግሪኩና አርመኑ እዚያው አካባቢ ይነግዱ ነበር። ኢግናሲዮ ጉዊዲና ቼዛሬ ቫሌ የነደፉት ማስተር ፕላን ይህን ቅይጥ አልወደደውም፤ አውሮፓዊውን ለብቻ፣ አገሬውን ለብቻ አሰፈረ። ስመ ጥሩው አርክቴክት ሌ ኮርቡዚየም ሳይቀር ለአዲስ አበባ የራሱን ንድፍ ሠርቶ ለጣሊያኖች አቅርቧል፤ በእሱም ወረቀት ላይ ሁለቱ ሕዝቦች ተለያይተዋል። አራዳ ፒያሳ ተባለ። የአገሬው ገበያ ወደ ምዕራብ ተነስቶ «መርካቶ ኢንዲጄኖ» የሚል ስም ተሰጠው፤ ሕዝቡ ሁለተኛውን ቃል ጥሎ የመጀመሪያውን አስቀረ።

ፕላኑን ሕግ ተከተለው። ሚያዝያ 11 ቀን 1929 ዓ.ም. የወጣው ድንጋጌ ቁጥር 880 ከቅኝ ተገዢ ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረን ጣሊያናዊ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ያስር ነበር። በ1931 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ደግሞ «የዘር ክብር» ይጠበቅ ብሎ፣ ለአገሬው በተለዩ የሕዝብ መገናኛ ቦታዎች የሚያዘወትረውን ጣሊያናዊ ይቀጣ ጀመር። በዓመቱ ጣሊያናዊ አባት ከአገሬው ሴት የወለደውን ልጅ በሕግ ልጄ ብሎ እንዳይቀበል ተከለከለ። የሰው ልጅ በሕግ ተከልክሎ ከመዋደድ አልቀረምና፣ በአባቱ ስም ሳይጠራ በእናቱ እጅ ያደገው ክልስ ብዙ ነው።

እዚህ ላይ «ሳይንሱስ ምን ይል ነበር?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ነገሩ የሚያስቀውም የሚያሳፍረውም እዚህ ጋ ነው። ጀርመናዊው ሳይንቲስት ብሉመንባህ እ.ኤ.አ. በ1795 የሰውን ልጅ በአምስት ሲከፍል ጥቁር አፍሪካዊውን «ኢትዮጵያዊ» ብሎ ሰየመው። መቶ ዓመት ቆይቶ፣ አድዋ ድል በሆነ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1897 ጣሊያናዊው አንትሮፖሎጂስት ጁሴፔ ሰርጂ ስለ ካም ዘር ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። የራስ ቅል ቅርጽ አይቶ የደረሰበት መደምደሚያ የእኛን አገር ሰዎች ከጣሊያኖች ጋር የአንድ ግንድ ቅርንጫፎች ያደረገ ነበር። ስሙ የጥቁሮች ሁሉ መጠሪያ የተደረገው ኢትዮጵያዊ በዚህኛው መዝገብ ከጥቁሮች ወጥቶ የሮማውያን ዘመድ ሆነ ማለት ነው! ዝምድናው ግን ለቅኝ ገዢ አይመችም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1938 የወጣው የፋሺስቶች የዘር ማኒፌስቶ የሜዲትራኒያን አውሮፓውያንን ከሴምና ከካም ሕዝቦች ጋር አንድ ዘር የሚያደርጉ ንድፈ ሐሳቦችን «አደገኛ» ብሎ አወገዘ። በእነዚያ አርባ ዓመታት የማንም ራስ ቅል ቅርጹን አልለወጠም። የተለወጠው አዲስ አበባ መያዟ ነው።

ጣሊያንን ወቅሶ እጅን መታጠብ ግን አይቻልም። ባርነት በራሳችን ሕግ ሙሉ በሙሉ የተሻረው ወራሪው ከወጣ በኋላ በ1934 ዓ.ም. ነው። «ባሪያ» እና «ሻንቅላ» የሚሉት ስድቦች ከአውሮፓ የመጡ አይደሉም። ቀይና ሰልካካ አፍንጫን እያሞገስን ጥቁሩን የምናሳንሰው ማንም ፕሮፌሰር ሳያስተምረን ነው። ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋንና ሸማኔውን «ቡዳ» እያለ ጋብቻ የነፈጋቸው ማኅበረሰብ ለመለያየት ማስተር ፕላን አላስፈለገውም። የመርካቶው ሸማ ተራ ነጋዴ የሚያተርፍበትን ጥበብ የሸመነው ሰው ይህን ስድብ ሲሰማ ኖሯል። እንዲያውም ሰርጂን የመሰሉ ሰዎች «ከጥቁር አትቆጠሩም» ሲሉን ደስ ያለን ብዙዎች ነን፤ ያ ደስታ የገዛ ወገናችንን ዝቅ አድርጎ የተገኘ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1950 የዘር የበላይነትን አስተሳሰብ የሚያወግዝ መግለጫ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1972 የዘረ መል ተመራማሪው ሪቻርድ ሌዎንቲን የደም ፕሮቲኖችን አነጻጽሮ ከሰው ልጅ የዘረ መል ልዩነት 85 በመቶ ያህሉ በአንድ ሕዝብ ውስጥ ባሉ ግለሰቦች መካከል እንደሚገኝ አሳየ። በዚህ ስሌት መርካቶ እህል በረንዳ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ተሸካሚዎች፣ የአንድ አገር ልጆች ሆነው ሳለ፣ በዘረ መል ብዙ ሊለያዩ ይችላሉ።

ዛሬ የመርካቶ አሮጌ ቤቶች እየፈረሱ በፎቅ እየተተኩ ነው። ካርታውን ያሰመረው ፖሊሲ ግን በሰፈሩ ልጆች ዘንድ እንኳ ብዙም አይታወቅም። የከተማው አስተዳደር ከነባሮቹ መንገዶች በአንዱ ላይ ገበያው ከአራዳ ለምን እንደተነሳ የሚናገር የድንጋይ ጽሑፍ ያቁም። በዚያው ድንጋይ ላይ ባርነትን የሻረው የ1934ቱ አዋጅ ማንን ከማን እጅ ነጻ እንዳወጣም ይጻፍ።