አኃዛዊ ዘዴ፦ በእርምጃ የሚቀረብ መልስ

በኢንጂነሪንግ ወይም በሒሳብ ትምህርት ክፍል ያለፈ ሰው «ኑመሪካል» የሚባለውን ኮርስ ያውቀዋል። ሙሉ ስሙ ኑመሪካል ሜተድስ ነው። እዚህ «አኃዛዊ ዘዴ» ብለነዋል። «የቁጥር ዘዴ» ማለትም ይቻል ነበር፤ ግን አንባቢው መቁጠርን ወይም የቁጥር ባሕርይን የሚመለከት ትምህርት ሊመስለው ይችላል። አኃዛዊ ዘዴ ማለት ቀመር አልፈታ ያለውን የሒሳብ ጥያቄ፣ ከመደመር፣ ከመቀነስ፣ ከማባዛትና ከማካፈል የማያልፍ ሥራ እየደጋገሙ ወደ መልሱ መቅረብ ነው። ቁም ነገሩ «መቅረብ» የሚለው ላይ ነው።

በቁጥር የሚሠራ ሁሉ አኃዛዊ ዘዴ አይደለም። ባሕረ ሐሳብን እንውሰድ። በደቡብ ጎንደር አብነት ትምህርት ቤቶች ዘንድ የታወቀ፣ የአጽዋማትና የበዓላት ቀን የሚወጣበት ስሌት ነው። ለ2017 ዓ.ም. 5500 ተደምሮ 7517 ይሆናል፤ ለ19 ሲካፈል 12 ይተርፋል፤ ወንበሩ 11፣ አበቅቴው 1፣ መጥቅዑ 29 ነው። ሁለት ሊቃውንት ለየብቻ ቢያሰሉት ያው ነው፤ «በግምት 29» የሚል የለም። በአኃዛዊ ዘዴ ግን ሁለት ተማሪዎች ሁለት የተለያዩ መልሶች ይዘው ሊመጡና ሁለቱም ትክክል ሠርተው ሊሆን ይችላል።

ይህ እንዴት ይሆናል? ጋፋት ላይ ሆኖ ለማስረዳት ከመድፍ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ከደብረ ታቦር ከተማ አጠገብ ባለችው በዚህች መንደር አፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ሚሲዮናውያን ባለሙያዎችን አስቀምጠው መድፍ አስወረዱ፤ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተወለደው እዚህ ነው። ዛሬ የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋሙን የሚጠራው በዚሁ ስም፣ ጋፋት ብሎ ነው። እንግዲህ የመድፍ ጥይት የት ይወድቃል? አየር ባይኖር ኖሮ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በአንድ ቀመር ይመልሰዋል። አየር ግን አለ፤ ጥይቱን የሚጎትተውም በፍጥነቱ ካሬ መጠን ነው ማለት ይቻላል። ከዚያም በላይ የደብረ ታቦር ከፍታ 2,700 ሜትር አካባቢ ስለሆነ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ይከብዳል፤ ጥይቱ ሲወጣ ደግሞ ይበልጥ ይሳሳል። ይህን ሁሉ አንድ ላይ ይዞ በአንድ መስመር የሚፈታ ቀመር የለም።

ስለዚህ ጊዜው ወደ ትንንሽ እርምጃዎች ይቆራረጣል። ሥራውን ለማየት ቀለል ያለውን፣ ከማማ ላይ የተለቀቀን ኳስ እንውሰድ። የመሬት ስበት በየሰከንዱ ፍጥነቱ ላይ 9.8 ሜትር በሰከንድ ይጨምርለታል፤ አየሩ ደግሞ የፍጥነቱን ካሬ በ0.01 አባዝቶ ይቀንስበታል እንበል። በአንድ አንድ ሰከንድ ስንራመድ፣ ከመጀመሪያው ሰከንድ በኋላ ፍጥነቱ 9.8 ነው። በሁለተኛው ላይ 9.8 ይደመራል፤ የ9.8 ካሬ 96.04 ስለሆነ 0.96 ይቀነሳል፤ 18.64 ይመጣል። አሁን እርምጃውን በግማሽ እናሳጥረው። በግማሽ ግማሽ ሰከንድ አራት ጊዜ ሠርተን ያው ሁለተኛው ሰከንድ ላይ ስንደርስ 18.02 እናገኛለን። ይህ ጥያቄ ቀላል በመሆኑ ትክክለኛ ቀመር አለው፤ ቀመሩ 17.39 ይላል። የመጀመሪያው በ1.25፣ ሁለተኛው በ0.63 አልፎታል። እርምጃው በግማሽ ሲያጥር ዝንፈቱም በግማሽ አጠረ። ይህ የኦይለር ዘዴ ነው፤ ኦይለር የጻፈው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በኋላ ሩንገ በ1895 እ.ኤ.አ.፣ ኩታ በ1901 እ.ኤ.አ. በአንድ እርምጃ ውስጥ ደጋግመው ዳገቱን፣ ማለትም የለውጡን ፍጥነት፣ በመለካት እጅግ አሻሻሉት።

እዚህ ላይ «ስሕተት» የሚለው ቃል ተማሪን ያስደነግጣል። በዚህ ኮርስ ስሕተት ማለት ጥፋት አይደለም፤ በተገኘው መልስና በእውነተኛው መካከል ያለው ርቀት ነው። ከላይ ያየነው እርምጃን ከማርዘም የሚመጣው የመቁረጥ ስሕተት ነው። ሌላው የማጠጋጋት ስሕተት ይባላል፤ ኮምፒዩተር የቁጥሩን ጅራት ሁሉ መያዝ ስለማይችል የሚመጣ ነው። 0.1 በሁለትዮሽ ሲጻፍ ማለቂያ የለውም፤ ስለዚህ ይቆረጣል። በየካቲት 1991 እ.ኤ.አ. ሳዑዲ ዐረቢያ፣ ዳህራን ላይ የነበረ ፓትሪዮት ፀረ ሚሳኤል ሳይጠፋ 100 ሰዓት ያህል ሠርቶ ነበር፤ የ0.1 ቁራጭ ተጠራቅማ ሰዓቱን በ0.34 ሰከንድ አዛነፈችው። የመጣውን ሚሳኤል ሳያከሽፍ ቀርቶ 28 የአሜሪካ ወታደሮች ሞቱ።

ዘዴውና ኮምፒዩተሩ የተጋቡትም በመድፍ ምክንያት ነው። በ1946 እ.ኤ.አ. በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ለሕዝብ የታየው ኤኒያክ የተባለው ኮምፒዩተር የታሰበው የመድፍ ተኩስ ሰንጠረዥ እንዲያሰላ ነበር። ሰው በማስሊያ ማሽን 20 ሰዓት ያህል የሚፈጅበትን የአንድ ጥይት ጉዞ በ30 ሰከንድ ይጨርሰው ነበር። ዛሬ ተማሪው የሚጠቀምበት ማትላብ የተባለው የስሌት ሶፍትዌርም ከክፍል የወጣ ነው፤ ክሊቭ ሞለር በ1970ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. በኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ የሠራው ተማሪዎቹ ፎርትራን ሳይጽፉ ማትሪክስ እንዲያሰሉ ብሎ ነው። በ1984 እ.ኤ.አ. የንግድ ዕቃ ሆነ፤ ፈቃዱም ይገዛል። የተሰረቀ ማትላብ በፍላሽ ከሚዞር ኦክታቭን መጫን ይሻላል፤ ነፃ ነው፣ ትእዛዞቹም አብዛኞቹ አንድ ናቸው።

ችግሩ ሶፍትዌሩ ሳይሆን አጠቃቀሙ ነው። «ኦዲኢ45» የምትባለው የማትላብ ትእዛዝ እርምጃዋን ራሷ እየመረጠች መልስ ትተፋለች፤ ተማሪውም አራት አኃዝ ከነጥብ በኋላ ስላየ እውነት ይመስለዋል። የኔ ፍርድ ይህ ነው፦ የእርምጃውን ርዝመትና የስሕተቱን መጠን ያልጻፈ መልስ በፈተናም በላብ ሪፖርትም ሙሉ ነጥብ አይገባውም።

ኮርሱን ዘንድሮ ለምትወስዱ፦ ኮዱን ከመክፈታችሁ በፊት የመጀመሪያዎቹን ሁለት እርምጃዎች በእጃችሁ ሥሩ፤ ከዚያ በኮምፒዩተር እርምጃውን በግማሽ አሳጥራችሁ ድገሙት። ሁለቱ መልሶች የማይለወጡት እስከ ስንተኛው አኃዝ እንደሆነ እዩና የምታስረክቡትን እስከዚያ ብቻ ጻፉ።